በሺርን የገደለ ብርድ

የጭነት መኪናዋ ኤንትሬ ኮምቦልቻን ለቃ የደሴን ዳገት ስትያያዘው ሙቀቱ ከኋላ ቀረ። ሙሄዲን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ሲሳፈር በካናቴራ ነበር። በመጀመሪያው መታጠፊያ ሸሚዙን፣ በሚቀጥለው ሹራቡን፣ ዶሮ መዝለያ ሲቃረቡ ደግሞ የሹፌሩን የእንየውን ካፖርት ደረበ፤ ጥርሱ ግን እንደ ስፌት መኪና መንጣጣቱን አላቆመም።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የነሐሴን የደሴ ብርድ ያልቀመሰ ሰው፣ ብርድ አውቃለሁ ብሎ አፉን ባይከፍት ይሻለዋል። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ተንከባሎ ይወርድና ሳያንኳኳ በየቤቱ ይገባል፤ ገብቶም እንደ ባለቤት ይቀመጣል። ጨው በዕቃው ውስጥ ውሃ ይሆናል። ግድግዳ ያልበዋል። አውራ ዶሮ ጩኸቱን ሳይጨርስ ሳል ያቋርጠዋል።

ማገዶ የሚባል ነገር ከከተማው ጠፍቷል። ከጦሳ ጭራሮ እንዳይለቀም የደን ጠባቂ ቆሟል። እንጨት ያወርዱ የነበሩት ገበሬዎች ለመንደር ምሥረታ ቤታቸውን አፍርሱ ተብለው የራሳቸውን ምሰሶ ተሸክመው ይንከራተታሉ። ለቀበሌው ሱቅ ላምባ ይመጣል ከተባለ ወራት አልፈዋል፤ ሴቶቹ ወረፋ ያስያዙላቸው ጠርሙሶች አሁንም ከሱቁ በር ላይ ተሰልፈዋል፤ ዝናብ ሞልቷቸዋል።

ሙሄዲን ደግሞ የቦይለር ሠራተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምቦልቻ ላይ እሳት ሲጠብቅ ይውላል፤ እንደ ራሱ አነጋገር ከሆነ እሱ አንድ ቀን ከሥራ ቢቀር የኢትዮጵያ ሕዝብ ራቁቱን ይሄዳል። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለችው ቤቱ ሲገባ ግን የሚቆሰቁሰው አመድ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ቤት እንዲሰጠው ካመለከተ ጢሙ ሸብቷል።

ዛሬ ግን ከተቀመጠበት ወንበር ሥር አንድ ጆንያ ከሰል ነበረው። ከሰል የማያሳልፈው ኬላ እስኪደርሱ ድረስ።

"ከወንበሩ ሥር ያለው ምንድን ነው?" አለ ዘቡ፣ ከካኪ ካፖርቱ ኮሌታ ውስጥ እንደ ኤሊ ብቅ ብሎ።

"የመኪና ዕቃ ነው፣ ጓድ፤" አለ እንየው።

ዘቡ እጁን ሰደደ። ጣቱ ጠቁሮ ወጣ።

ሙሄዲን ጉሮሮውን ጠረገ። "ጓድ፣ ይሄ ተራ ከሰል እንዳይመስልህ። የፋብሪካው ናሙና ነው። ለምርመራ ነው የሚሄድ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ከሠራተኛው ሁሉ እኔን መርጠው የላኩበት ምክንያት..."

"ናሙና ሙሉ ጆንያ ነው?"

"ፋብሪካው እኮ ትልቅ ነው!"

ዘቡ ሊስቅ ቃጣው፤ ለሳቅ የሚሆን አቅም ግን አልነበረውም። ጆንያውን ጎትቶ ከመጠለያው አጠገብ፣ በዝናብ ከሚበሰብሰው የተወረሰ ከሰል ክምር ላይ ጣለው።

"ቤቴ አራስ አለች፣ ጓድ፤" አለ ሙሄዲን። ይሄኛው ጭማሪ አልነበረበትም።

"ከሰል የያዘ ሁሉ አራስ አለችው። ዛሬ ብቻ የወሎ ሴት በሙሉ ወልዳለች። እለፉ።"

መኪናዋ እያቃሰተች ተንቀሳቀሰች። ብዙ መታጠፊያ አለፉ።

"ልጅቱ እንዴት ናት?" አለ በመጨረሻ እንየው።

"ወሯ ሳይሞላ ነው የመጣች።" ሙሄዲን መጠኗን ሊያሳይ ሁለት መዳፉን ገጠመ። አየውና ትንሽ አጠበበው። ዕድሜውን ሙሉ ነገር ሲያተልቅ የኖረ ሰው ነው። "ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ መድኃኒት የለኝም አለች። መድኃኒቷ ሙቀት ነው፤ ቤቱ ይህን ሳምንት ከሞቀ ትተርፋለች፣ እንዲህ እንደበረደ ከቀጠለ ግን ሳንባዋ አይችልም አለች። እናቷ መዲናም ራሷ ደረቷን ይዛ ስታስል ታድራለች።"

እንየው ራሱን ነቀነቀ። ሙሄዲን ከዚህች በፊት ሁለት ልጅ እንደቀበረ ያውቃል፤ ሁለቱንም በክረምት፣ ሁለቱንም በሳንባ ምች፣ በዚያችው ቤት።

"ቅሬያችሁስ? ያ ሁሉ ሰው አንዳንድ ፍልጥ ቢያወጣ..."

"ቅሬ እንጨት የሚያወጣው ለሞተ እንጂ ለተወለደ ነው?"

እውነቱን ነው። ቅሬ ለወሎ ሰው ከመንግሥት ይቀድማል። እስላም ክርስቲያን ሳይል ሰፈሩን ይቀብራል፣ ያስተዛዝናል፤ ለቅሶ በገባበት ቤት ሁሉ እያንዳንዱ አባል ከራሱ ቤት እንጨት ተሸክሞ ይመጣል። እምቢ ያለ ሰው በተራው ሲሞት የሚያነሳው የለም። ለአራስ ግን እንጨት አውጡ የሚል ሕግ ማንም አላወጣም፤ ሕጉ ሲወጣ ማገዶ እንደ አፈር ነበራ!

ሙሄዲን ዝም አለ። እንየው ይህን ዝምታ ያውቀዋል፤ ሁልጊዜ ከውሸት በፊት የሚመጣ ነው።

"በሺር ቢሞትስ?"

"የትኛው በሺር?"

"ወንድሜ። የአሰቡ።"

በሺር የሙሄዲን የአባቱ ልጅ ነው። አሰብ ወደብ ላይ መርከቦች አሉት፤ ባሕር ላይ ሲወጣ ዓሣ ሁሉ እየዘለለ ሰላም ይለዋል፤ ደርግ የሀገሩን ሀብት ጠራርጎ ሲወርስ የበሺርን መርከቦች ብቻ ሊያገኛቸው አልቻለም። ሊያገኛቸው ያልቻለውም በሺር የሚባል ሰው ስለሌለ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ጎረቤት በዘመዶቹ ሲኩራራ መልስ ያጣው ሙሄዲን በአንድ ትንፋሽ ወለደው፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንዳንድ መርከብ እየገዛለት አሳደገው። ሰፈሩ በሙሉ ያምንበታል። አሰብ መስመር ሲነዳ የኖረው እንየው ብቻ ነው እውነቱን የሚያውቅ። መዲና ደግሞ ሚስት ናት፤ ሳይነግሯት ታውቃለች።

"ወንድምም ከሆነ የቅሬው እንጨት ይወጣል፤" አለ ሙሄዲን፣ አሁን ወደ ሹፌሩ ዞሮ። "እንዩ፣ የአሰቡን መንገድ የምትመላለስበት አንተ ነህ። ለጋሽ በላቸው፣ ለቅሬው ዳኛ፣ አንዲት ቃል ጣል ብታደርግልኝ ምናለ? መርዶ ካንተ አፍ ነው የሚያምረው።"

"አልችልም።"

"ለሕፃን ነው እኮ!"

"አልችልም አልኩህ። ታናሽ ወንድሜ ሰሜን ግንባር ነው፤ ወሬው ከጠፋ ሁለት ክረምት አለፈ። መርዶ የሚባል ነገር በአፌ ከገባ ወደ ቤቴ መንገድ የመራሁት ይመስለኛል።" እንየው መስታወቱን በእጅጌው ጠረገ፤ ጉሙ ግን ከውጭ ነበር። "ውሸት ስለሆነ አይደለም፣ ሙሄዲን። ፈርቼ ነው።"

ቧንቧ ውሃ ሲወርድ ገና አልጨለመም። ቤቱ ከመድረሱ በፊት ግን ረሂማ ከበሯ ላይ ያዘችው። ግድግዳ ለግድግዳ የሚዋሰኑ ጎረቤቱ ናት፤ ባሏ ሀምዱ በሰባ ሰባቱ ድርቅ እህል ፍለጋ ገጠር ወርዶ በሰፈራ መኪና ተጭኖ የቀረ፣ አንድ ልጇን ጀማሉዲንን ደግሞ የብሔራዊ ውትድርና መልማዮች እንዳያገኙት ቆጥ ላይ የደበቀች።

"ከወንድምህ መልስ መጣ?" አለች በሹክሹክታ። "ልጄን መርከቡ ላይ ይሸሽግልኛል ወይስ አይሸሽግልኝም?"

ይህን ቃል ከረመዳን ጾም ጀምሮ ስትጠይቀው ነው የከረመች። እሱም "ለበሺር መልእክት ሰድጃለሁ" እያለ ሲመልስላት።

"ነገ እነግርሻለሁ፣ ረሂማ፤" ብሎ አለፋት።

ቤት ውስጥ ከውጭ ይልቅ ይበርዳል። መዲና ልጅቱን ከራቁት ደረቷ ጋር አጣብቃ፣ ቤቱ ያለውን ጨርቅ ሁሉ ከላይ ከምራ ተኝታለች። አዋላጇ አሮጊቷ አልጣሽ ከእግርጌዋ ቁጭ ብላ የሕፃኗን ጣቶች በአፏ ትንፋሽ ታሞቃለች። የልጅቱ ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። አታለቅስም፤ ያስፈራው እሱ ነው። የሙሄዲን ልጅ ሆና ድምፅ የላትም!

"ከሰሉስ?" አለች መዲና።

"ኬላ ላይ።"

አልተቆጣችም። ዓይኗን ብቻ ጨፈነች። ከዚያ ሳሉ መጣባት፤ ልጅቱ ከደረቷ ላይ እንደ ቅጠል ተርገፈገፈች።

"አብሽሪ፣ አይዞሽ፤" አላትና ተመልሶ ወጣ።

ጋሽ በላቸው ጡረታ የወጡ የቴሌ ሠራተኛ ናቸው። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ የሱፍ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው፣ ዓይናቸው ብቻ ነው የቀረ።

"እንደምን አመሹ፣ ጋሽ በላቸው?" አለ ሙሄዲን ጎንበስ ብሎ። "ወንድሜ በሺር ሞተ።"

"ምን ሆኖ?"

"ሙቀት ገደለው።"

"ሙቀት?"

"የአሰብ ሙቀት ጋሽ በላቸው፣ ወላሂ! እንቁላል በኪስ ይዘው ቢወጡ ተቀቅሎ ነው የሚያገኙት። መርከቡ ላይ ቆሞ ባሕሩ ራሱ ሲፈላ..."

የጋሽ በላቸው ዓይን ለረጅም ጊዜ አልተነቀለበትም። ሙሄዲን የመርከቡን ወሬ አቆመ።

"ማን ነገረህ?"

"ሰው።"

"እህ።" ሽማግሌው ተነፈሱ፤ ትንፋሻቸው ከጋቢው ሥር እንደ ጢስ ወጣ። "ሕፃኗ እንዴት ናት?"

"እንዲያው... አለች።"

"ሂድ ቤትህ ግባ። ምንም እንዳልሰማህ ሆነህ ተኛ። ጎህ ሲቀድ እንመጣለን።"

ጎህ ሲቀድም መጡ። በሩ ተንኳኳ፤ ጋሽ በላቸው ሽማግሌዎቹን አስከትለው ገቡና በወጉ መሠረት ትከሻውን ይዘው "ሙሄዲን፣ ጠንከር በል፤ ወንድምህ በሺር ዐርፏል" አሉት። ሙሄዲን ለመጮህ ሌሊቱን ሲዘጋጅ ነው ያደረ። ጩኸቱ ሲወጣ ግን ያዘጋጀው ዓይነት አልነበረም። ከሆዱ ነው የወጣ። ለካስ ያለው ሀብት በሺር ብቻ ነበር። ደሞዙ ሲያንስ፣ አለቃው ሲሰድበው፣ ልጆቹን ሲቀብር፣ አሰብ ላይ አንድ ወንድም አለኝ እያለ ነው የኖረ። መሬት ላይ ተንከባለለ። የሰፈሩ ሰው ወንድሙን እንዲህ የሚወድ ሰው አላየንም ተባባለ።

እንጨቱም መጣ። ሰው ከጉሙ ውስጥ አንድ አንድ እያለ፣ የሚችለውን ተሸክሞ ብቅ ይላል። ፍልጥ የያዘ ጥቂት ነው። የአጥር እንጨት የነቀለ አለ። የአልጋ እግር የያዘ አለ። አንዱ የሽንት ቤቱን በር ነው ያመጣ። ረሂማ ደግሞ የባሏን የሀምዱን የሽመና ዕቃ ጉማጅ፣ በዘይት የወዛውን፣ እንደ ሕፃን አቅፋ መጥታ ከክምሩ አናት ላይ አኖረችው።

አልጣሽ እሳቱን ግቢው ውስጥ፣ ለለቅሶተኛው በተወጠረው ሸራ ሥር አነደደች። "ጢሱን ለእናንተ፣ ፍሙን ለእኛ!" እያለች፣ ጢሱን የጨረሰውን ፍም ብቻ በማንደጃ እየዛቀች ወደ ቤት ታስገባለች፤ በሩንም በድንጋይ ገርበብ አድርጋ አቆመችው። "ብትዘጉት ከብርዱ በፊት የፍሙ መርዝ ይጨርሳቸዋል!"

ረፋዱ ላይ ልጅቱ አለቀሰች። ቀጭን ነገር ናት፤ ግን አለቀሰች። ሙሄዲን ከለቅሶው ምንጣፍ ተነስቶ እየተንደረደረ ገባ። ከንፈሯ ቀልቷል። ጡት ይዛለች።

"አየሽ!" አለ። "አየሽ፣ መዲና! ድምፅዋ ሐይቅ ድረስ ነው የተሰማ!"

መዲና አልሳቀችም። "ማን ሞቶ ነው ይህ እሳት የሚነድ?"

"ታውቂው የለ።"

"ማወቄ ነው ያስፈራኝ። እናቴ የለቅሶ እንጨት ሟቹን ካላገኘ ከቤቱ ሰው ይወስዳል ትል ነበር።" ልጅቱን ወደ ደረቷ ሳበች። "እዚህ ቤት ደግሞ ለመወሰድ የቀረበ ማን እንደሆነ አንተም ታያለህ።"

"የአሮጊት ወሬ ነው፤" አለና ወጣ።

ከምንጣፉ አጠገብ ረሂማ ጠበቀችው። ፊቷ በእንባ ታጥቧል፤ ዓይኗ ውስጥ ግን አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል።

"አላህ ይዘንለት ለወንድምህ። ስሰማ ልሞት ነበር፤ ልጄን የሚያድንልኝ ሰው ሞተ ብዬ። አሁን ግን አሰብኩበት።" ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። "ለለቅሶ ለሚሄድ ሰው ቀበሌው የይለፍ ይሰጣል። ጀማሉዲን የቅሬው መልእክተኛ ሆኖ በሺር ቤት ለቅሶ ይሂድ። እዚያ ሲደርስ የወንድምህ ልጆች ይደብቁታል። ጋሽ በላቸውን ጠይቄ ዛሬውኑ አስነሳዋለሁ። አንተ ቤታቸው የት እንደሆነ ብቻ ንገረኝ።"

ሙሄዲን ግቢውን አየ። እሳቱ ይንቦገቦጋል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ሁሉ ታየው፤ ጀማሉዲን በስንቱ ኬላ ሲያልፍ፣ አሰብ ሲወርድ፣ በዚያ ወበቅ ውስጥ የሌለ ሰው ቤት እየጠየቀ ሲዞር፣ አፈሳ ሲያገኘው። እውነቱን ከተናገረ ደግሞ ሰው ሁሉ እንጨቱን አንስቶ ይሄዳል፤ ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ልጅቱም ዝም ትላለች። ሁለት ልጅ ከፊቱ ቆመዋል፤ አንዱ የሰው፣ አንዷ የራሱ። ደከመው። እንዲህ ደክሞት አያውቅም፤ መዋሸት እንኳ ተራራ ሆነበት።

"ረሂማ፣ በሺር አልሞተም።"

ፊቷ በራ። "አልሞተም?"

"አልተወለደም።"

ቃሉ ከአፉ የወጣው ከፈለገው በላይ ጮክ ብሎ ነበር። ዝናቡ ሸራው ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ረሂማ ባለችበት ቁጭ አለች።

"ምን አለ?" አለ የሽንት ቤቱን በር ያመጣው ሰውዬ። "እኔ ለማን ብዬ ነው እንግዲህ ሜዳ የምወጣ?" ተነሳና በሩን ከክምሩ ሥር ይመዝ ጀመር። ሌሎችም ተነሱ።

"አንተ! ወዴት ነው!" አልጣሽ ማንደጃዋን እንደያዘች ጮኸች። "ለቅሶ ቤት የገባ እንጨት መልሰህ ቤትህ ልታስገባ ነው? ሞትን በትከሻህ ተሸክመህ?"

ሰውዬው በሩን አየው። አስቀመጠው። የሚያደርገው ጠፍቶት እላዩ ላይ ተቀመጠበት።

"ዳኛው ይፍረዱ!" አለ ሌላው። "ቅሬው ነው የተሾፈበት። ከመዝገብ ይፋቅ! ሲሞት ጅብ ያንሳው!"

ጋሽ በላቸው ጋቢያቸውን ከአፋቸው ላይ ዝቅ አደረጉ። "እኔ ማታውኑ አውቄያለሁ። ወንድሙ የሞተበት ሰው ጎንበስ ብሎ እንደምን አመሹ አይልም። የራሱን መርዶ ራሱ ይዞ የመጣ ሰው ከተወለድኩ አላየሁም።" ሁሉም አፍጥጠው አዩዋቸው። "ሕፃኗን አስቤ ዝም አልኩ። ጥፋት ከሆነ የሁለታችን ነው፤ ሁለታችንንም ፋቁን።"

የቆሙት ተመልሰው ተቀመጡ። እነሱም ደክሟቸዋል፤ ለመቆጣትም እኮ ሙቀት ይፈልጋል።

ከውስጥ የመዲና ድምፅ መጣ፤ ሳል የሚቆራርጠው ድምፅ። "አልጣሽ! ፍሙን አውጪልኝ! ሟች የሌለው እሳት ልጄ ላይ አይነድም! አውጪው!"

አልጣሽ ማንደጃዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። ወደ ውስጥ አትገባ፣ ወደ ውጭ አትመለስ። ፍሙ ማንደጃው ላይ ማመድ ጀመረ።

"ይግባ፤" አለ አንድ ድምፅ።

ረሂማ ናት። አልተነሳችም፤ የባሏን ጉማጅ፣ ገና እሳት ያልነካውን፣ ከክምሩ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አድርጋለች።

"ከሰፈራው ያመለጠ አንድ ሰው አምና መጥቶ ነግሮኛል፤" አለች። "ወባ ነው አለኝ። በዓይኔ አይቼ ቀብሬዋለሁ አለኝ። ውሸታም ብዬ አባረርኩት። መንግሥት አልነገረኝም፣ ሽማግሌ በሬን አላንኳኳም፣ እንዴት ብዬ ልመን? ልጄ እንኳ አያውቅም።" ጉማጁን ዳበሰችው። "ዛሬ ግን ለእሳት አመጣሁት። ሀምዱ ይመለሳል ብዬ ባምን ኖሮ ዕቃውን አመጣው ነበር?"

ጋሽ በላቸው ተነሱ። በዝግታ መጡ፤ ከፊቷ በርከክ አሉ፤ ትከሻዋንም ያዙ።

"ረሂማ፣ ጠንከር በይ፤" አሉ። "ባልሽ ሀምዱ ዐርፏል።"

ረሂማ ራሷን ነቀነቀች። ለሁለት ክረምት ስትጠብቀው የኖረችውን መርዶ እንደ ዕዳ ሳይሆን እንደሚያውቁት እንግዳ ተቀበለችው።

"ሁላችንም እያወቅን ያልተናገርንለት ልጅም ከቆጥ ይውረድና የአባቱን ለቅሶ ይቀመጥ፤" አሉ ጋሽ በላቸው ወደ ሕዝቡ ዞረው። "ከለቅሶ ምንጣፍ ላይ ሰው የሚያነሳ ቢመጣ መጀመሪያ እኛን ያንሳ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ከዚያ ወዲያ እናያለን።"

ረሂማ ጉማጁን ለአልጣሽ ሰጠቻት። አልጣሽ ከእሳቱ መሐል አስገባችው፤ በዘይት የወዛ ነውና ወዲያው ያዘ። መዲናም ከውስጥ "ኢና ሊላሂ" ብላ ለሟቹ ስትጸልይ ተሰማች፤ አልጣሽም ማንደጃዋን ሞልታ ገባች።

ሙሄዲን ከለቅሶተኛው ቦታ ተነሳ። ረሂማ መጥታ ተቀመጠችበት፤ ሻሿን ፈታች። ጀማሉዲን በዓመቱ የመጀመሪያውን ብርሃን እያየ፣ ዓይኑን በክንዱ ከልሎ፣ ከጎኗ መጣ። ሰዉ ሁሉ ይጠብቃል፤ የሟቹ ስም በሙገሳ ሳይነሳ ለቅሶ አይጀመርምና። ሙሄዲን እንደ ልማዱ አላስችለው አለ።

"ሀምዱ እኮ፣" ብሎ ጀመረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ሀምዱ ማለት ከጦሳ የሚተካከል፣ የሸመነውን ጋቢ ጥይት የማይበሳው፣ ንጉሥ ሳይቀር ከደጁ..."

"አንተ ዝም በል፤" አለች ረሂማ። "ይሄኛው የኔ ነው።"

ዝም አለ።

"አጭር ነበር፤" አለች ረሂማ፣ እሳቱን እያየች። "ሲሠራ ያፏጫል። ብርድ አይችልም ነበር።"

ከዚያ ጮኸች።